ግራኞቹ ጀግኖቼ

ኮሚክ አንባቢ ነኝ። አርባ ዓመት ያለፈኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ መተማ አጠገብ ኮኪት በምትባል ከተማ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ካባ ለብሶ የሚበርር ሰው የተሣለበት መጽሔት አይጠፋም። ይህን ያየ ሰው ምን እንደሚል በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ "ለልጆችሽ ነው?" ይላል። ልጆቼ ኮሚክ አይወዱም። የኔ ነው።

ስለ ልዕለ ጀግኖች ኮሚክ የተጻፈውን ትችት ያገኘሁትን ያህል አንብቤያለሁ። የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። የባዕድ ነው፣ እኛን አይመለከትም የሚሉ አሉ። አንድ ኃይለኛ ከሰማይ ወርዶ ያድነናል እያልን እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ያስተምራል የሚሉም አሉ። እነዚህን ሁሉ ሰምቼ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፌያለሁ። ያስቆጣኝና ብዕር ያስያዘኝ ሰው ከነዚህ ወገን አይደለም። ኮሚክን እንደኔ የሚወድ፣ ከኔም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው።

ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። ከቤታችን ወጥቶ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሱዳን ገባ ማለት ነው። ጎረቤታችን ሱቅ የነበራቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ክርስቲያኑም እስላሙም "ሐጃ" ይላቸው ነበር። ቀይ ሻይ የሚፈላበት ከርከዴ፣ ሂና፣ ቴምር፣ ሽቶ፣ የደረቀ ባሚያ ዱቄት ይሸጣሉ። የሚጠቀልሉበት ወረቀት ከማዶ በጆንያ ተጠቅጥቆ የሚመጣ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እናቴ ከርከዴ ግዢ ብላ ላከችኝ። ቤት ገብቼ ጥቅሉን ስፈታው ወረቀቱ ላይ ሥዕል አየሁ። ጭምብል ያደረገች ሴት ከፎቅ ወደ ፎቅ ትዘላለች፤ ገመዱን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ከሱ ቀጥሎ ባለው ሥዕል ላይ እሷን ሦስት እጥፍ የሚያህል ሰውዬ መንጋጋውን በቡጢ ትለዋለች፤ በግራ እጇ። ከታች ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። እሱንም በግራ እጇ።

ግራኝ ነኝ። ያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት መምህራችን ብዕሩን በግራ እጄ ይዤ ባገኙኝ ቁጥር በማስመሪያው ጠርዝ የጣቶቼን አንጓ ይመቱኝ ነበር። ቤት ደግሞ ማዕድ ሲቀርብ እናቴ ግራ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ እንድቀመጥበት ታዘኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። "ሰው ቤት ሄደሽ ታሰድቢኛለሽ" ነበር የምትለኝ። እኔም እጄን እንደ ነውር ነገር እየደበቅሁ አደግሁ። በዚያች በከርከዴ በቀላች ቁራጭ ወረቀት ላይ ግን አንዲት ሴት በግራ እጇ ሰው ታድናለች፣ በግራ እጇ ትጽፋለች፣ ማንም አይመታትም። ወረቀቷን አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኋት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐጃ ሱቅ ሄድሁ።

"ሐጃ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ሌላ አለዎት?"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ላነበው።"

"ዐረብኛ እኮ ነው። ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

ሳቁ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ታዲያ ምኑን ታነቢዋለሽ?"

ወረቀቷን አውጥቼ የሴትየዋን እጅ አሳየኋቸው፤ ከዚያ የራሴን አነሣሁ። አንጓዎቼ ላይ የማስመሪያው ምልክት ነበር። ሐጃ ሥዕሉን አዩ፣ እጄን አዩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ጆንያ ጎትተው አመጡና "ሥዕል ያለውን ለይተሽ ውሰጂ፤ የቀረውን በመጠን በመጠኑ ደርድሪልኝ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላዬ እዚያ ሆነ። ወረቀት እለያለሁ፣ ሐጃ ደንበኛ ሲያጡ ፊደሉን ያስቆጥሩኛል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። አማርኛ በግራ እጄ በድብቅ ስጽፍ መዳፌ ቀለሙን እየደመሰሰ ያጋልጠኝ ነበር፤ ሐጃ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሁት ነገር ንጹሕ ሆኖ ከእጄ ሥር ወጣ። ሐጃ አይተው እንዳላዩ አለፉ። አንድ ቀን ብቻ "መብላቱን በቀኝሽ ብዪ። መጻፉን አላህ በሰጠሽ ጻፊ" አሉኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ አፌን ሳይዘኝ ማንበብ ቻልሁ። የገረመኝ ነገር ደግሞ ግራኟ ያቺ ሴት ብቻ አለመሆኗ ነው። ካባ ለባሹም ግራኝ ነው። እሳት የሚተፋውም ግራኝ ነው። ክፉዎቹ ሳይቀሩ ሽጉጥ የሚስቡት በግራ እጃቸው ነው። ሥዕሎቹ ውስጥ ከጀርባ የሚታዩት ሱቆች በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም አላቸው፤ ፊደሎቹ ግን የተገለበጡ ናቸው። ለምን እንደተገለበጡ ብዙ አሰብሁና አንድ መልስ አገኘሁ፤ ሠዓሊውንም እንደኔ እየመቱ በግድ እጅ አስለውጠውት ይሆናል አልሁ። አዘንሁለት። በዓለም ላይ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ይህን እንደሚያውቅ ማሰቡ ደስ ብሎኝም ነበር።

ሐጃ ጀግኖቹን አልወደዷቸውም። "ይሄ ሰውዬ የውስጥ ሱሪውን ለምን ከላይ ለበሰው?" ይሉኛል። "ሥራ የለውም እንዴ? ሁልጊዜ ሲዞር ነው የማየው።" ይሁንና ታሪኩን ጀምሬ ደንበኛ ቢመጣ ደንበኛውን ቶሎ ሸኝተው "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላሉ። መጽሔቶቹ መጠቅለያ ስለነበሩ አብዛኞቹ የመጨረሻ ገጽ የላቸውም። መጨረሻውን ሐጃ ይጨርሱታል። ሁልጊዜም በክፉው ሰውዬ ላይ ሽማግሌ ይልኩበትና ያስታርቁታል።

"ሐጃ፣ እሱ እኮ ከተማ ያቃጠለ ሰው ነው! አይታረቅም!"

"ሽማግሌ ሲለምነው ምን ይላል? ይታረቃል።"

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ነው ያደግሁት። ሂስ የሚባለውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አልተማርሁትም፤ ከባሚያ ዱቄት ጆንያ አጠገብ ቆሜ ከሐጃ ጋር ስከራከር ነው የተማርሁት። ሐጃ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። የሰጡኝ አርባ ሦስት መጽሔቶች ቤቴ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አሉ። ከማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድልድዩን የሚሻገረው ሻንጣውን የያዘ ስደተኛ ነው፤ አሮጌ መጽሔት የሚያመጣ የለም። አዲስ የምላቸውን ዛሬ በስልኬ ነው የማነባቸው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አካባቢ ስለነዚህ መጽሔቶች ቴሌግራም ላይ መጻፍ ጀመርሁ። አንባቢዎቼ ጥቂት ነበሩ። ከነሱ አንዱ ጎንደር የሚኖር ወጣት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ስለ ኮሚክ የሚወያይ ስብስብ ይመራል፣ ሂስም ይጽፋል። ሂሱን አነብለት ነበር። ጥሩ ይጽፋል። አንድ ቀን መልእክት ላከልኝ፦ "እትዬ፣ የጻፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አንድ ቅዳሜ መጥተው ቢነግሩን ክብራችን ነው።"

እንዴት እንደተደሰትሁ መደበቅ አልፈልግም። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሦስት መጽሔቶች በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ጎንደር ስንወጣ ይበርደናል፤ የባለቤቴን ሹራብ ለብሼ ነበር።

ስብሰባው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ የሚሆኑ ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ወጣቱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ሲያስተዋውቀኝም ከሚገባኝ በላይ አመሰገነኝ።

ተነሥቼ ተናገርሁ። ስለ ሐጃ ነገርኋቸው፣ ስለ ማስመሪያው ነገርኋቸው። ያቺን የከርከዴ ወረቀት ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና "የኔ ጀግኖች ግራኞች ናቸው" አልሁ። "አንዲት ልጅ እጇን ከጭኗ ሥር ያወጣችው በነሱ ምክንያት ነው። ስለ ኮሚክ ጥቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።" አጨበጨቡልኝ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ወጣቱ ተነሣ። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ላሳይ" አለ። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አያያዘ። ግድግዳው ላይ የኔው ገጽ መጣ። ያቺው ሴት፣ ያው ፎቅ፣ ያው ገመድ። ገመዱን የያዘችው ግን በቀኝ እጇ ነው።

"ይሄ ዋናው ነው" አለ። "ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ አታሚዎቹ ሥዕሉን እንደ መስተዋት ገልብጠው ነው ያተሙት። የመኪናውን መሪ እዩት፤ እርሳቸው በያዙት ላይ በቀኝ በኩል ነው ያለው። የሱቁን ስም እዩት፣ ፊደሉ ተገልብጧል። ስለዚህ ግራኝ የሆነ ጀግና የለም። አንድም የለም። የማተሚያ ቤት ሥራ ነው።"

ከኋላ አንዱ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስተዋት!" አለ፤ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ወጣቱም ሊያዋርደኝ አልፈለገም፤ ያወቀውን ነገር ለማሳየት ቸኩሎ ነው፣ ፊቱ በደስታ ያበራ ነበር። ወደኔ ዞሮ "የሚገርም አይደለም?" አለኝ።

እኔም "ኧረ እንዲህ ነው እንዴ?" አልሁና ፈገግ አልሁ።

ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልወደውም። መጽሔቶቼን መልሼ ጠቀለልሁ፣ ሻዬን ጨረስሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ግራ እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቼው እንደነበረ ያወቅሁት መናኸሪያ ደርሼ ትኬት ልቀበል ስል ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ። የአይከልን ከተማ አልፈን መንገዱ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ሙቀቱ እየገባ ሄደ፤ ሹራቡን አወለቅሁ። ንዴቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ለዚያ ልጅ ማለት የነበረብኝ ነገር ሁሉ አንድ ባንድ ወደ አፌ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ከራሴ ጋር ጮክ ብዬ እያወራሁ ነበር።

ቤት እንደደረስሁ ሳጥኑን ከፈትሁና አርባ ሦስቱንም መጽሔት ተራ በተራ አየሁ። መሪዎቹን አየሁ፣ የእጅ ሰዓቶቹን አየሁ፣ የወንዶቹን ኮት ቁልፎች አየሁ፤ እንደ ሴት ኮት በግራ በኩል ናቸው። ልጁ ልክ ነው። ሁሉም ተገልብጠዋል። ይህን አልክድም፤ ማስረጃ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚክድ ሰው አልወድም፣ ሥራዬም ያየሁትን ባየሁት ልክ መመስከር ነው።

ግን ምኑ ላይ ነው ልክ የሆነው? ሥዕሉ ከየት እንደመጣና በመንገዱ ላይ ምን እንደሆነ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ የት እንደደረሰ ግን አልጠየቀም። የደረሰው መተማ ነው፤ በከርከዴ ተለውሶ፣ ጣቷ ያበጠ ልጅ እጅ ላይ። የኔን ጣት የመታው ማስመሪያ ተገልብጦ አልታተመም። እኔ በግራ እጄ መጻፍ የጀመርሁት እውነት ነው፤ መምህሩ ፊት ብዕሩን በግራ እጄ ይዤ "ይምቱኝ፣ አልቀይርም" ያልሁበት ቀን እውነት ነው። ያን ቀን ከጎኔ የቆመችው ባለ ጭምብሏ ሴት በየትኛው እጇ እንደምትመታ የማውቀው እኔ ነኝ።

ደግሞስ ወደኛ ዘንድ ሳይቀደድ፣ ሳይገለበጥ፣ መጨረሻው ሳይጠፋ የደረሰ ምን ነገር አለ? ድንበር ላይ ያደገ ሰው ሁሉን ነገር እንዲህ ነው የሚቀበለው። አንብበነዋል፣ የጎደለውን ሞልተነዋል። ያነበብነውም የኛ ነው። ዋናውን ቅጂ ያልያዘ ሰው አንባቢ አይደለም የሚል ሂስ ካለ፣ እኔ በዚያ ሂስ ዘንድ አንባቢ አለመሆን አያሳፍረኝም።

ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጻፍሁት። ወጣቱ የስብስቡን ጽሑፎች በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትም መሆኑን ስለሰማሁ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

"እትዬ፣ በጣም ጥሩ ነው። ከመጡልን ሁሉ ጥሩው ነው። ግርጌው ላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ ልጨምርበት።"

"ምን የሚል?"

"'ጸሐፊዋ ያነበቡት ተገልብጦ የታተመ ቅጂ በመሆኑ ጀግኖቹ ግራኞች መስለዋቸዋል' የሚል።"

"'መስለዋቸዋል' የሚለውን አውጣው።"

"አውጥቼ ምን ልበል?"

"'ግራኞች ናቸው' በል።"

"እሱን ማለት አልችልም፣ አይደሉማ! አንባቢ ይሳሳትብኛል።"

"ወንድሜ፣ ካባ ለባሹ ያለ ክንፍ እየበረረ ነው። ሰው እንደማይበርር ግርጌ ላይ ጽፈሃል?"

ከልቡ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን "ማስታወሻው ግን የግድ ነው፣ እትዬ" አለኝ። የሂስ ሰው ነውና እውነት ነው የሚለውን ነገር አይሸጥም፤ በዚህ አከብረዋለሁ። እኔም የምሸጠው አልነበረኝም።

"እንግዲያው ጽሑፌን መልስልኝ" አልሁት።

መጽሐፉ ያለኔ ወጣ። አንድ ቅጂ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ከትልቅ አክብሮት ጋር" ብሎ ፈርሞበታል። አንድም ገጽ ሳልዘልል አነበብሁት። ጥሩ መጽሐፍ ነው። መግቢያው ላይ ግን "ጉድለት ባለበት ቅጂ ያደጉ የድንበር አንባቢያን" የሚል ሐረግ አለ። እሱ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቆምሁ። ጉድለት! እኔ ያን ጉድለት አርባ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብሁት።

መጋዘናችን ውስጥ ሰሊጥ ከሚያበጥሩት ሴቶች አንዷ ጓደኛዬ ናት። ከጎጃም ለአጨዳ ከቀን ሠራተኞች ጋር መጥታ እዚሁ ቀረች፤ ሃያ ዓመት ኖራም አነጋገሯ የጎጃም ነው። ፊደል አልቆጠረችም። በምሳ ሰዓት ጥላ ፈልገን ስንቀመጥ መጽሔቶቹን ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብላታለሁ፤ አራት ዓመት ሆነን። ሌሎቹም ሴቶች እየመጡ ይሰማሉ። መጽሐፉን ያነበብሁ ሰሞን የራሴን ጽሑፍ አነበብሁላት፤ እንድትቆጣልኝ ፈልጌ ነበር።

ሰምታ ስትጨርስ "ልጁን አቃለልሽው" አለችኝ።

"እሱ አይደል እንዴ ያቃለለኝ?"

"እሱ ያየውን ተናገረ፤ አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ። ምን ያጣላችኋል?"

"ተሳስተሻል አለኛ!"

"ተሳስተሻል?"

"አልተሳሳትሁም።"

"እንግዲያ ምን ያንጨረጭርሻል?"

ይበልጥ ተናደድሁ። እሷ ግን ስለኔ ንዴት ማሰቡን ትታ ሌላ ነገር ጀምራለች። "እኔን ምን እንደሚያበግነኝ ልንገርሽ?" አለች። "ይኼ ባለ ካባው። አንድ ሰው ለማዳን ብሎ ግንብ ያፈርሳል፣ መኪና አንሥቶ ይወረውራል፣ መንገዱን ያርሰዋል። ከዚያ ሽው ብሎ ይሄዳል። ያን ሁሉ ስብርባሪ ማን ነው የሚጠርገው? አራት ዓመት ስታነቢልኝ አንድ ቀን እንኳ መጥረጊያ የያዘ ሰው አልሣሉም።"

ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩትን ሁለቱን መጽሔቶች እዚያው አገላበጥሁ። መጥረጊያ የለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳነብ አላየሁትም። አቧራውን ቀኑን ሙሉ የምትጠርግ ሴት አየችው። ይህን ነው ሂስ የምለው፤ ሥዕሉ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያ ቆሞ፣ የጎደለውን ሰው የሚጠይቅ። የኔን ጀግና ነው የነቀፈችው፤ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ኃይለኛ ከሰማይ እስኪወርድ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ያደርጋል የሚሉት ሰዎች አንድ ቀን በምሳ ሰዓታችን ቢመጡ እወዳለሁ። የሚሰሙኝ ሴቶች ታሪኩ በጣም በጣፈጠበት ቦታ ላይ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥተው ወንፊታቸውን ያነሣሉ። ወደ ሰማይ የምታይ አንድም አላየሁም። ካየችም ዝናብ እንዳይመጣ ነው፤ ሰሊጡ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ሰው የሚወደውን ታሪክና የሚኖርበትን ቀን ለይቶ አያውቅም ብሎ የሚያስብ ተቺ፣ ሰውን ነው የናቀው፣ ኮሚክን አይደለም።

ጽሑፌን ቴሌግራም ላይ ከማውጣቴ በፊት የመጥረጊያውን ነገር ልጨምርበት ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኋት።

"ስሜን እንዳታነሺ" አለችኝ። "መጥረጊያውን ግን አንሺ።"

አነሣሁት። ስለ ወጣቱ ከጻፍሁት ውስጥም ሁለት ዐረፍተ ነገር አወጣሁ፤ አቃለልሽው ስላለችኝ። ሦስተኛውን ግን እንዳለ ተውሁት፣ ይገባዋል። ከዚያ ሙሉውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት።

የጠበቅሁት መጣ። "ዕድሜሽን ዕወቂ" ያለኝ አለ። "ሰው ስንት ችግር እያለበት" ያለኝ አለ፤ ችግሩን ከኔ ይልቅ የሚያውቅ ይመስል። ወጣቱ ጽሑፉን በራሱ ገጽ ላይ አጋራውና ከላዩ "አሁንም አልስማማም። ግን አንብቡት" ብሎ ጻፈበት። ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ሊጽፍልኝ አይችልም ነበር፤ ከላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ግርጌ ላይ ስላልሆነ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከአብደራፊ ከተማ የመጣው መልስ ነው። ላኪው የትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ አይቼው አላውቅም። የላከልኝ መልስ ከኔ ጽሑፍ ይረዝማል። ስለ ግራና ቀኝ አንድ ቃል የለበትም። ጭምብል ያደረገችው ሴት ፈሪ ናት ነው የሚለው። "መልካም የሚሠራ ሰው ፊቱን አይደብቅም። እኔ የሰው መሬት የማርሰው ፊቴን ገልጬ ነው፤ ሳበላሽም ይታወቃል፣ ሳሳምርም ይታወቃል። እሷ ስታበላሽ ማንን እንጠይቅ?" ብሎ ይሞግታል።

ይኸው ሦስት ወር ሆነን። ትራክተሩ ጥገና በገባ ቁጥር ረጅም ረጅም ነገር ይጽፍልኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ካባ ለባሹ ያለኝን ሐሳብ አስቀይሮኛል፤ በአደባባይ አምኛለሁ። በጭምብሏ ጉዳይ ግን አልሸነፍም። ባለፈው ሳምንት "ጀግናሽ አንድ ቀን ጭምብሏን ብታወልቅ ነገ ማንም አያነባትም፤ ይህን ስለምታውቅ ነው የማታወልቀው" ብሎ ጻፈልኝ። ይህ ከባድ ክርክር ነው። ሁለት ቀን ጆንያ ስፈትሽ አሰብሁበት፣ ጓደኛዬንም አማከርኋት፤ እሷ ከሱ ወገን ሆና አረፈችው።

ትናንት በምሳ ሰዓት መልሴን ልኬለታለሁ። ሰባት ገጽ ነው። ተሳስቷል።